አናሊን ያልነገረችው

ስልኩ ሲጠራ አናሊን ባሬዶ አንድ እጇ ግሉኮስ መስቀያው ላይ ነበር። የሴቶቹ ክፍል እንደ ልማዱ ሞልቷል። አንዱን አልጋ ሁለት ሁለት ሆነው የተጋሩት በሽተኞች እግርና ራስ ሆነው ተኝተዋል፤ አስታማሚዎቻቸው ደግሞ ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፈው ያንቀላፋሉ። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ወትፋ «አቤት» አለች። ከማኒላ ነው፤ የውጭ አገር ሥራ ኤጀንሲው።

«ሚስ ባሬዶ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። የሪያዱ ሆስፒታል ተቀብሎሻል። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ትበሪያለሽ።»

«እባክዎ አንዴ ይድገሙልኝ።»

ደገሙላት። ግሉኮሱን ሰቀለች፤ ጠብታውን አስተካከለች፤ ለአሮጊቷ በሽተኛም «እማማ፣ እጅዎን እንዳያጥፉ» አለቻቸው። ከዚያ የአንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ገባችና በሩን ዘግታ ቆመች። በዚህች የዓሣ አጥማጆች ከተማ፣ በሳን ቪሴንቴ፣ እንዲህ ያለ ስልክ የተደወለለት ሰው ይጮሃል፤ ይዘላል፤ ሰው ያቅፋል። እሷ ግን የተደረደሩትን አንሶላዎች ትቆጥር ጀመር።

የሥራ ጓደኛዋ ጆቬሊን አንሶላ ፍለጋ በሩን ከፈተችው።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ እንዲህ የሆነው ወይ ሰው ሞቶብሽ ነው፣ ወይ ቪዛ ወጥቶልሽ ነው።»

አናሊን ስልኩን ከፍ አድርጋ ስታሳያት ጆቬሊን ነገሩ ገባትና ኮሪደሩ ድረስ የተሰማ ጩኸት ለቀቀች። የነርሶቹ ኃላፊ ሚስስ ፓላብሪካ እየተንደረደሩ መጡ።

«ሌላዋም ሄደች በሉኛ! አሠልጥኜ አሠልጥኜ ለዓረብ! እኔ እዚህ የነርስ ፋብሪካ ነው እንዴ የከፈትኩት?» ብለው ተቆጡና እዚያው አቅፈዋት ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ሚስስ፣ ጆቪ፣ በእናታችሁ ለማንም እንዳትናገሩ» አለች አናሊን። «ሬናንቴ ከእኔ አፍ ነው መስማት ያለበት።»

«መቼ ልትነግሪው ነው?»

«ዛሬ።»

ያን ቀን ለፍቅረኛዋ አልነገረችውም። በማግስቱም አልነገረችውም። ልትነግረው በተነሳች ቁጥር ፈገግታውን ታያለች፤ ፈገግታውን ስታይ ደግሞ ያን ፈገግታ የምታጠፋው እሷ እንደሆነች ይታወሳትና አፏ ይያዛል።

* * *

አናሊን የነርስነቱን የመንግሥት ፈተና ያለፈች ጊዜ ሳን ቪሴንቴ ልጇን ልዕልት አድርጋት ነበር። ስሟና ፎቶዋ በትልቅ ጨርቅ ታትሞ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተሰቀለ። አባቷ አሳማ አስጠበሰ። ዓሣ አጥማጆቹ እንኳ «ሲስተር» እያሉ ባርኔጣቸውን ያነሱላት ጀመር። ጨርቁ ዝናብ መትቶት ሳይደበዝዝ ግን አናሊን ያልተዘፈነለትን እውነት አወቀች፤ ሥራ የለም። ሆስፒታሉ ክፍት የሥራ መደብ የለኝም አላት። ከፈለገች ግን በበጎ ፈቃደኝነት መሥራት ትችላለች፤ ሙሉ ፈረቃ፣ ያለ ደመወዝ። ከፈለገች ይበሉ እንጂ ያለ ሁለት ዓመት ልምድ የሚቀበል የውጭ አገር ሆስፒታል እንደሌለ እነሱም ያውቃሉ፤ እሷም ታውቃለች።

ስለዚህ ያቺ በድግስ የተከበረች ልጅ የትራንስፖርት አጥታ በነጭ ጫማዋ በእግሯ ትመላለስ ጀመር። ምሳዋ ከቤት የምታመጣው ሩዝና የደረቀ ዓሣ ነው። ለሁለት ነርስ የሚደርሰው በሽተኛ ብዛት ትምህርት ቤት ካስተማሯት ጋር አይገናኝም። የመጀመሪያዋን መርፌ ልትወጋ ስታነሳና መልሳ ስታስቀምጥ ያዩ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ዓይኔን ልጨፍንልሽ? ካላየሁሽ አትፈሪም» ብለዋታል። ያን ቀን ሽንት ቤት ገብታ አልቅሳለች፤ ከዚያ ወጥታ ሁለተኛውን ወጋች። ደመወዝ የሚባል ነገር ማየት የጀመረችው ዓመቱ ሊጠናቀቅ ሲል ነው።

ሬናንቴን ያወቀችው በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ነው። የጀልባ አናጢ ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጥቂት፣ ጣቶቹ በሙጫ የጠቆሩ። እናቱ ናናይ ሳሊንግ ደም ወደ አንጎላቸው ፈስሶ ራሳቸውን ስተው ገቡ። በሆስፒታሉ የነበሩት የመተንፈሻ መሣሪያዎች ሁሉም ተይዘዋል። እንዲህ ሲሆን በጉሮሮ የገባውን ቱቦ በእጅ የሚጨመቅ ፊኛ ላይ ያያይዙና ፊኛውን ለአስታማሚው ይሰጡታል፤ አስታማሚው እየጨመቀ በሽተኛው ይተነፍሳል።

«ከአሁን ጀምሮ የእናትህ ሳንባ ይህ ነው» አለችው። «እንዳታቆም።»

«እጄ ይቆረጣል እንጂ አላቆምም።»

«እጅህስ አይቆረጥም፤ እንቅልፍ ግን ይጥልሃል። አንተ ራስህ ስትተነፍስ ጭመቀው። ያኔ አትሳሳትም።»

ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ በድካም ጎድጉዷል። «አንቺ እፊቴ ስትቆሚ ግን የእኔ ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ታዲያ እናቴን ላስቸኩላት?»

ሳቋን እንዳያይባት ጀርባዋን ሰጠችው። ከዚያ በኋላ የምሳ ሰዓቷ የእሱ የእንቅልፍ ሰዓት ሆነ። እሷ ቆማ ትጨምቃለች፤ እሱ እግሯ ሥር ካርቶኑ ላይ ተዘርግቶ እንደ ሕፃን ይተኛል። ናናይ ሳሊንግ አንድ ጎናቸው ቢደክምም ተረፉ። ቱቦው ወጥቶላቸው በጎረነነ ድምፅ መጀመሪያ የጠየቁት ውሃ አይደለም። «ይቺ ልጅ ባል አላት?» ነው ያሉት። ሬናንቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አናሊን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ይህንን ሥራ በመምረጧ ደስ አላት።

* * *

ታላቅ እህቷ ኤርሊንዳ፣ አናሊን «ማናንግ» የምትላት፣ ከሆንግ ኮንግ የምትደውለው እሑድ እሑድ ነው፤ የቤት ሠራተኞች የሚያርፉበት ቀን። ከበስተጀርባዋ አደባባይ ላይ የተቀመጡት የአገሯ ሴቶች ሳቅና ጫጫታ ይሰማል። አናሊንን የሚወዷት ሁሉ «ኢንዳይ» ነው የሚሏት።

«ኢንዳይ! እውነት ነው? አባባ ነገረኝ! እዚህ ጮኬ ሴቶቹ ፖሊስ የመጣ መስሏቸው ምሳቸውን ሰበሰቡ!»

«እውነት ነው ማናንግ።»

«ተመስገን! ስሚኝ፣ ለማዳሜ ነግሬያታለሁ። ይሄ ኮንትራት ሲያልቅ በቃኝ አልኳት። አላመነችኝም። እህቴ ነርስ ሆና ዓረብ አገር ልትሄድ ነው አልኳት፤ ከእንግዲህ የሰው ፎቅ አልወጣም አልኳት። ጉልበቴን እኮ ደረጃው በልቶታል፤ ስወርድ እንደ አሮጌ በር ነው የምንቋቋው።»

ኤርሊንዳ ሆንግ ኮንግ ስትሄድ አናሊን ገና የአንደኛ ደረጃ ዩኒፎርም ትለብስ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ፣ ነጩ ጫማ፣ የኮሌጁ ክፍያ፣ ሁሉም ከእህቷ ላብ ወጥቷል። ኤርሊንዳን የሚጠብቃት አንድ መምህርም ነበር ይባላል። ጠበቀ ጠበቀና አንድ ቀን መጠበቁን ተወ። እቤት ውስጥ ስሙ አይነሳም።

«ማናንግ...» አለች አናሊን።

«ምነው?»

ሬናንቴ የሚባል ሰው አለ ልትላት ነበር። ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። የእህቷ የደስታ ትንፋሽ በስልኩ ሲመጣባት ግን ዋጠችው።

«ምንም። ደስ ብሎኝ ነው።»

«ድምፅሽ ግን የደስተኛ አይመስልም።»

«ደክሞኝ ነው፤ ከሥራ መምጣቴ ነው።»

«አይዞሽ፤ እዚያ እንኳ ለደከምሽበት ይከፍሉሻል!» ብላ ሳቀች ኤርሊንዳ። አናሊንም አብራት ሳቀች። ስልኩ ሲዘጋ ግን ሁለት ሰው ያታለለች ያህል ተሰማት፤ ሁለቱም የምትወዳቸው፣ ሁለቱም የሚያምኗት።

* * *

በእነዚያ ሳምንታት ሬናንቴም ተለወጠ። ከሥራ ስትወጣ ወደቡ አጠገብ ያለው የድንጋይ አጥር ላይ ይገናኙ ነበር። አሁን ያረፍዳል፤ አንዳንዴም ይቀራል። ሲመጣ ዓይኑ ፍም መስሎ፣ እንባ እያዘለ፣ ልብሱ ጭስ ጭስ እየሸተተ ነው። ምን ሆነህ ነው ስትለው «ሥራ በዝቶብኝ» ይላል። እንጨት የሚያለዝብ ሰው ዓይን በምን ምክንያት እንዲህ ይቀላል? ከሰዓት በኋላ በኮኮናት አረቄ ቤቶች በር ላይ የሚቀመጡትን ወንዶች ዓይን ታውቃለች። እንደዚያው ነው።

አንድ ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ አጥሩ ላይ ተቀምጠው ሳለ አልቻለችም።

«ጠጥተሃል።»

«አልጠጣሁም።»

«ዓይንህን በመስታወት አይተኸዋል? እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ሳይ ነው የምውለው ሬናንቴ። ሌላውን አታልል፤ እኔን ግን ተወኝ።»

ባሕሩ ላይ ዓይኑን ተከለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ፤ ያ የቀላ ዓይኑ የሆነ ነገር የሚለምን ይመስል ነበር።

«አንቺስ ኢንዳይ? ልትነግሪኝ የምትፈልጊው ነገር የለም?»

«የለም።»

«ምንም?»

«ምንም! ደግሞ ወሬ አታስቀይረኝ። የተነሳው ያንተ ነገር ነው።»

ተነሳ። ሱሪው ላይ የነበረውን የእንጨት ፍቅፋቂ አራገፈ። «እሺ» አለ ቀስ ብሎ። እንደ ወትሮው ግንባሯን አልሳመም። አካሄዱ የተቆጣ ሰው አካሄድ አልነበረም፤ ዕቃ ጠፍቶበት ፈልጎ ፈልጎ ተስፋ የቆረጠ ሰው ይመስል ነበር።

አናሊን ተቀምጣ አለቀሰች። ከለቅሶዋ ሥር ግን ያሳፈራት አንድ እፎይታ ነበር። ሰካራም ከሆነ መለየቱ ይቀላል። ሰካራምን ትታ ብትሄድ ማንም አይፈርድባትም፤ እሷም በራሷ ላይ አትፈርድም። ይህን አስባ ራሷን ጠላችው፤ ይሁን እንጂ ሐሳቡን አልጣለችውም።

* * *

ልትበር ጥቂት ቀን ሲቀራት ድንገተኛ ክፍል ሰው ጎደለና እዚያ ተመደበች። ረፋዱ ላይ አንድ ጎልማሳ ዓይኑን በሸሚዝ ጠምጥሞ፣ ሚስቱ እየመራችው፣ «ጠፋሁ! ዓይኔ ጠፋ!» እያለ ገባ። ሐኪሙ ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ አይቶ ፈገግ አለ።

«ብየዳ ነው?»

«አዎ ዶክተር። ትናንት መከለያውን ሳላደርግ ትንሽ ብቻ ሞከርኩ። ሌሊቱን አሸዋ የሞጀሩብኝ መሰለኝ!»

«አልጠፋም፤ ብርሃኑ ነው ያቃጠለህ። በሁለት ቀን ይሻልሃል። ሲስተር፣ እጠቢለት።»

አናሊን የሰውየውን የዓይን ቆብ ገልጣ የጨው ውሃውን አፈሰሰች። ዓይኑ ፍም መስሎ እንባ አዝሏል። የምታውቀው ቀለም ነው። ውሃውን ማፍሰሷን ገታች።

«ብየዳ የት ነው የምትሠራው?» አለችው።

«ኧረ ተማሪ ነኝ ሲስተር። በዚህ ዕድሜዬ! የመንግሥት ማሠልጠኛው ከሰዓት በኋላ ያስተምራል። ዓሣው አላበላኝ አለና ብረት ልብላ አልኩ።» በአንድ ዓይኑ አጨንቁሮ ሲያያት ቆየ። «ቆይ፣ አንቺ አናሊን አይደለሽም? የአናጢው የሬናንቴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ! አብረን እኮ ነው የምንማረው። ያ ሰውዬ እብድ ነው። ጀልባውን ሠርቶ ነው የሚመጣው። መከለያው ለሁሉም ስለማይደርስ የራሱን ተራ ለእኛ ይሰጥና ዓይኑን እያጨነቆረ ይበይዳል። ምን አስቸኮለህ ስንለው፣ ‹ልጅቷ አንድ ቀን ዓረብ አገር መሄዷ አይቀርም፤ እኔ ወደብ ላይ ቆሜ መሐረብ የማወዛውዝ ሰው አይደለሁም፤ እከተላታለሁ› ይለናል። አልነገረሽም እንዴ?»

ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው። «ዝም በል አንተ! ምስጢር ቢሆንስ?»

አናሊን ማጠቡን ቀጠለች። ውሃው በሰውየው ጉንጭ ላይ ሲወርድ የእሷም እንባ አብሮ ወረደ። የሰው ዓይን ሳይ ነው የምውለው ብላው ነበር። ያንን ስታስታውስ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

* * *

ፈረቃዋን ጨርሳ በነጭ ልብሷ እንዳለች ወደ ባሕሩ ዳር ሮጠች። ናናይ ሳሊንግ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ባልደከመው እጃቸው ዓሣ ይለያሉ። ፊቷን ሲያዩ ምንም አልጠየቁም።

«ከጀልባው ሥር ነው» አሉ። «እኔ ደንቆሮ ነኝ፤ እንደልባችሁ ተነጋገሩ።»

ሬናንቴ ከቆመችው ጀልባ ሥር ተንበርክኮ ስንጥቅ ይደፍናል። ሲያያት መሣሪያውን አስቀመጠ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች እያለከለከች። «ብየዳውን። ሰካራም ስልህ እንኳ ዝም አልክ!»

«ወረቀቱን ሳልይዝ ምን ብዬ ልንገርሽ? ፈተናውን ብወድቅስ? አንቺ ስምሽ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የተሰቀለ ሰው ነሽ። እኔ ባዶ እጄን ቆሜ ‹እከተልሻለሁ› ብልሽ ትስቂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«እኔ? እኔ ልስቅብህ?»

«ሰው በሚወደው ሰው ፊት ሲያንስ ክፉ ነገር ያስባል።» ሙጫ የለበሱ ጣቶቹን ተመለከተ። «አጥሩ ላይ በተጋጨንበት ቀን ጠዋት ጆቬሊንን ገበያ ላይ አገኘኋት። አቀፈችኝና ‹አይዞህ፣ ሪያድ እኮ ሩቅ አይደለም› አለችኝ። እኔ የማውቅ መስሏት ነው። አትፍረጂባት።»

አናሊን የጀልባውን ጎን ያዘች።

«ስለዚህ አጥሩ ላይ ስጠይቅሽ አውቄ ነበር» አለ። «ሁለት ጊዜ ጠየቅሁሽ ኢንዳይ። ‹ምንም› አልሽኝ።»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«አትሂጂ ትለኛለህ ብዬ።»

«እኔ እንደዚያ የምል ሰው እንዳልሆንኩ አታውቂም? ደግሞስ ብልሽ ምን ነበረበት? እምቢ ብለሽ ትሄጂ ነበር።»

«አልሄድም ነበር!» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ብትለኝ እቀር ነበር ሬናንቴ። የፈራሁት እሱን ነው።»

ከደጁ የደንቆሮዋ የናናይ ሳሊንግ ድምፅ መጣ። «አሁን ገና እውነት ተናገረች!»

ሬናንቴ ፈገግ ሊል ቃጥቶት ተወው። አንድ እርምጃ ቀረባት። «እሺ፣ አሁን ልበልሽ። ብትቀሪስ?»

ቃሉ ይህ ነበር። ለሳምንታት የሸሸችው፣ ለሳምንታት የተመኘችው። አፏን ከፈተች። የታያት ግን የኤርሊንዳ ጉልበት ነው፤ ያ እንደ አሮጌ በር የሚንቋቋው።

«ማናንግ... ለማዳሟ ነግራታለች» አለች። «ልትመለስ ነው። እኔ ካልሄድኩ...»

ራሱን ነቀነቀ፤ በቁጣ አይደለም። «ገባኝ። ይህንንስ ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? የእህትሽን ሸክም የማይረዳ ሰው መሰልኩሽ?»

እንባዋ ሲወርድ ጣቶቹ ሙጫ በሙጫ ስለነበሩ በእጁ ጀርባ ጠረገላት።

«ሂጂ» አላት። «እህትሽን አሳርፊያት። ግን ጠብቀኝ አትበይኝ፤ እኔም ጠብቂኝ አልልሽም።»

«ለምን? ፈተናውን ካለፍክ ትመጣለህ። እዚያ እንገናኛለን። አሁን ሁሉንም ተነጋግረናል!»

«እዚህ አንድ አጥር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ተደባበቅን። አንቺም፣ እኔም። እዚያ ማዶ ሆነሽ በስልክ ‹ደህና ነኝ› ስትይኝ በምኔ ነው የማምንሽ? እኔስ ስልሽ በምንሽ ታምኚኛለሽ?» ድምፁ ተንቀጠቀጠ። «እወድሻለሁ። ስለማልወድሽ አይደለም። እየተጠራጠርኩ ስጠብቅሽ ግን ፍቅሬ ወደ ሌላ ነገር ይለወጥብኛል። እሱን ማየት አልፈልግም።»

ልትለምነው ፈለገች። የምትለምንበት ቃል ሁሉ ግን ዘግይቶ የመጣ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መሰላት። ግንባሯን ሳማት። ልብሷ ላይ ሙጫ እንዳይነካ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ነበር የሳማት፤ ያ ጥንቃቄው ከመለየቱም በላይ አንጀቷን በላው።

* * *

ኢሎኢሎ አየር ማረፊያ ሬናንቴ አልመጣም። ናናይ ሳሊንግ ግን ያንን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ ተንገላተው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጡ። በጨርቅ የቋጠሩትን የደረቀ ዓሣ አስጨበጧት።

«ልጄ ራሴን ስስት ትንፋሽ ሆነኝ» አሉ። «ላንቺ ግን አንድ ቃል መሆን አቃተው። አንቺም እንደሱው። ሁለት ዲዳ ልጆች ሰጠኝ እግዜር!» ተቆጥተው ነበር የጀመሩት፤ ሲጨርሱ ግን ትከሻዋ ላይ ተደፍተው አለቀሱ። አናሊን ያልደከመውን እጃቸውን ሳመች። ወደ ውስጥ ስትገባ ዞራ ማየት ፈራች፤ ዞራ ብታይ እዚያው የምትቀር መሰላት።

ሪያድ ላይ ሆስፒታሉ ሰፊ፣ አልጋው ለአንድ ሰው አንድ፣ የመተንፈሻ መሣሪያው ሁሉ በራሱ የሚሠራ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ወራት ቋንቋው አስቸገራት፤ ስህተት እንዳትሠራ እየፈራች ክብደቷ ቀነሰ። ቀስ በቀስ ለመደች። በእረፍት ቀኗ ከአገሯ ልጆች ጋር ሩዝ ትቀቅላለች፤ ይስቃሉ፤ ይዘፍናሉ። ገንዘብ ለቤት ትልካለች። ኤርሊንዳ ተመልሳ የአባታቸው ደጅ ላይ ትንሽ ሱቅ ከፈተች። ሬናንቴ ፈተናውን አለፈ። ይህን የነገረቻት ጆቬሊን ናት። ወረቀቱ ግን ወደ በረሃው አላመጣውም፤ ኮሪያ አገር መርከብ የሚሠራ ድርጅት ወስዶታል። አናሊን ያን መልእክት ደጋግማ አነበበችው። ደስ ሊላት ሞከረች፤ እውነትም ደስ አላት፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ከማንም ጋር ሳትነጋገር ዋለች።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኤርሊንዳ ደወለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ዛሬ ሱቅ ውስጥ አንዲት አሮጊት አቅፈውኝ አለቀሱ። ናናይ ሳሊንግ ይባላሉ። ‹ምራቴ ልትሆን የነበረችው ልጅ እህት ነሽ› አሉኝ። ስለ ማን ነው የሚያወሩት ኢንዳይ?»

አናሊን አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ስለ እኔ ነው።»

«ሁሉንም ነገሩኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

ከእህቷ በኩል የዶሮ ጩኸትና የሚያልፍ ሞተር ድምፅ ይሰማታል።

«እኔ እኮ አንድ ዓመት መጨመር እችል ነበር» አለች ኤርሊንዳ።

«ጉልበትሽ...»

«ጉልበቴ! ይሄን ሁሉ ዘመን የተሸከመኝ ጉልበት አንድ ዓመት ያቅተዋል? ለማዳሜ ‹ሐሳቤን ቀየርኩ› እላት ነበር። ደስታዋን አትችለውም ነበር። እሱም ወረቀቱን ይዞ፣ ያንቺም ቪዛ ለሌላ ጊዜ ተላልፎ፣ አብራችሁ ትሄዱ ነበር። አንድ ዓመት ምን ነበር? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስንት ዓመት ለፍተሽልኝ... ደስታሽን ላበላሽብሽ አልፈለግሁም ማናንግ።»

«እኔ የማንን ደስታ ብዬ ነው ስለፋ የኖርኩት?» ድምፅዋ ተቆረጠና ተመልሶ መጣ፤ አሁን ዝግ ያለ ነበር። «ስሚኝ። ያንን መምህር ስሙን ጠርቼልሽ አላውቅም። ኤፕረን ይባላል። እሱን ያጣሁት የምነግረው ሰው ስላልነበረኝ ነው። አባባ አይገባውም ነበር፤ አንቺ ገና ሕፃን ነበርሽ። ለማን ልናገር? አንቺ ግን እኔ ነበርኩሽ። እኔ እያለሁልሽ!»

ከግድግዳው ማዶ ጓደኞቿ ሲስቁ ይሰማታል። ኤርሊንዳ እያለቀሰች እንደሆነ ከአተነፋፈሷ አወቀች፤ ይህቺ ስትስቅ እንጂ ስታለቅስ ሰምታት የማታውቃት እህቷ።

«ማናንግ» አለች በመጨረሻ። «ስለ እሱ ላውራሽ?»

«አውሪኝ።»

ጀመረች። እንዴት እንደሚስቅ፣ ሲያፍር ፊቱን እንዴት እንደሚሸፍን፣ የመጀመሪያ ቀን ምን እንዳላት፣ ምን ብላ እንደመለሰችለት ነገረቻት። ኤርሊንዳ በለቅሶዋ መሃል ሳቀች፤ «እንዲህ አለሽ?» እያለች አስደገመቻት። ቃላቱ ሳይጎተቱ፣ ሳይለመኑ፣ አንዱ ሌላውን እየሳበ መጡ። መናገር እንዲህ ቀላል ነገር መሆኑን ያን ጊዜ አወቀች፤ ከሁሉም በላይ ያስለቀሳትም ይኸው ቅለቱ ነበር።